በመድፈኛው ጀርባ፦ የቮልስ ሞተር ሲታደስ የሚታለፉት የዘይት ቦዮች

አንድ ያረጀ ሞተር ወርዶ፣ ተበትኖና ታድሶ መልሶ በሚገጠምበት ጊዜ የባለቤቱም ሆነ የመካኒኩ ዐይን ቶሎ የሚያርፈው በአዲሶቹ ፒስተኖችና ሲሊንደሮች፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ በተላገው ክራንክ ሻፍትና ክራንክ ሻፍቱን ደግፈው በሚይዙት ብሮንዚናዎች ላይ ሲሆን፣ በሞተሩ አካል ውስጥ ለውስጥ ተበስተው ዘይት የሚያመላልሱት ቦዮችና የቦዮቹን አፍ የሚዘጉት ትንንሽ መድፈኛዎች ግን ብዙ ጊዜ ሳይነኩ ይታለፋሉ። በጋራዥ አነጋገር «ታፖ» የሚባሉት እነዚህ መድፈኛዎች ከጣት ጫፍ የማይበልጡ፣ ዘይትና አቧራ ለብሰው ከሞተሩ ገላ ጋር የተመሳሰሉ በመሆናቸው መኖራቸውን እንኳ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም የአሮጌው ሞተር ቆሻሻ የሚከማቸው በእነርሱ ጀርባ ስለሆነ፣ እነርሱ ሳይነሡ የታጠበ ሞተር ታጥቧል ለማለት አይቻልም፤ አዲስ የተገዛው ዕቃም ሥራውን የሚጀምረው አሮጌውን ቆሻሻ በመጠጣት ይሆናል።

ለዚህ ጉዳይ ከቮልስዋገን «ጥንዚዛ» የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በኢትዮጵያ ባጭሩ «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው ይህ መኪና ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የሚነዳ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በዚሁ ዓይነት መኪና በመሆኑ ስሙ ከሀገሪቱ ታሪክ ጋር ተያይዟል። ንድፉ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈርዲናንድ ፖርሽ ቢሮ ውስጥ የተወለደው ይህ መኪና የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ፣ በፑዌብላ ፋብሪካ እስከተሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ሞተሩ አየር የሚያቀዘቅዘው፣ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙበት ሲሆን፣ ክራንክ ሻፍቱንና ካም ሻፍቱን የሚያቅፈው ክራንክ ኬዝ እንደ ባቄላ ፍሬ ለሁለት ተከፍሎ በቡሎን የሚገጠም የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ማግኒዥየም ከአሉሚኒየም በአንድ ሦስተኛ ያህል የሚቀል ብረት በመሆኑ ለኋላ ሞተር መኪና እጅግ የሚመች ቢሆንም፣ የራሱ ጠባይ ስላለው በቮልስ መድፈኛዎች ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ብቅ ይላል።

የዘይት ቦይ ማለት ፓምፑ የገፋው ዘይት ወደሚሽከረከሩትና ወደሚፋተጉት ክፍሎች የሚደርስበት፣ በክራንክ ኬዙ ግድግዳ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ነው። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ሲፈስ እንዲህ ያሉትን ረጃጅምና ቀጫጭን ቀዳዳዎች አብሮ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ፋብሪካው ቦዮቹን የሚከፍተው ከውጭ በፑንታ ቀጥ አድርጎ በመብሳት ነው፤ ፑንታ ደግሞ በብረት ውስጥ መታጠፍ ስለማይችል፣ ዘይቱ አቅጣጫውን እንዲለውጥ በሚፈለግበት ቦታ ሁሉ ከሁለት ወገን የተበሱ ሁለት ቀጥ ያሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ላይ እንዲገናኙ ይደረጋል። እያንዳንዱ ቦይ ታዲያ ፑንታው የገባበት፣ ለዘይቱ ጉዞ የማያስፈልግ አንድ ክፍት አፍ ይቀረዋል። ቮልስዋገን ይህን አፍ የዘጋው ከቀዳዳው በጥቂቱ ወፈር ያለ አጭር የአሉሚኒየም ድቡልቡል በኃይል ተጭኖ እንዲገባ በማድረግ ሲሆን፣ መድፈኛው ጥርስ ስለሌለው በቦታው የሚይዘው የቀዳዳው ግድግዳ ጭምቀት ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች በዚሁ ቦታ የብረት ኳስ፣ የናስ መድፈኛ ወይም እንደ ሲኒ የጎደጎደ የብረት ክዳን የተጠቀሙ ቢሆንም መሠረቱ አንድ ነው፤ ፋብሪካው ለፍጥነትና ለዋጋ ሲል ተጭኖ የሚገባ፣ ዳግመኛ ይነሣል ተብሎ ያልታሰበ ክዳን መርጧል።

የዘይቱን መንገድ መከተል ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። በካም ሻፍቱ የሚዞረው የጥርስ ፓምፕ ከክራንክ ኬዙ ታች የተጠራቀመውን ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት በሽቦ ወንፊት በኩል ይስብና ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው ይልከዋል፤ ይህ መቆጣጠሪያ በስፕሪንግ የሚደገፍ ትንሽ ፒስተን ሲሆን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ዘይቱ ወፍራም በሆነበት ሰዓት የዘይት ማቀዝቀዣውን ዘልሎ እንዲያልፍ፣ ሲሞቅ ደግሞ በማቀዝቀዣው ውስጥ እንዲዞር ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ ወደ ዋናው ቦይ ገብቶ በቅርንጫፎቹ በኩል ወደ ክራንክ ሻፍቱና ወደ ካም ሻፍቱ ብሮንዚናዎች፣ ከክራንክ ሻፍቱም በውስጡ በተበሱት ቀዳዳዎች ፒስተኖቹን ከእርሱ ጋር ወደሚያያይዙት ቢዬላዎች፣ እንዲሁም ቫልቮቹን ወደሚያንቀሳቅሱት ታፔቶችና ክፍት ሆድ ባላቸው ዘንጎች በኩል እስከ ሲሊንደሮቹ ራስ፣ እስከ ቴስታታው ድረስ ይወጣል። ውሃ በሌለበት በዚህ ሞተር ዘይት ከማለስለስ ባሻገር ሙቀትን ተሸክሞ የማውጣት ትልቅ ድርሻ አለው፤ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ለማቀዝቀዣው የሚደርሰው አየር ያነሰ ነው፣ ስለዚህም የዘይቱ ጉዞ ሳይደናቀፍ መቀጠሉ በዚያ ከፍታ ይበልጥ ያሳስባል።

ዘይቱ በመጨረሻ የሚገባበት ክፍተት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በክራንክ ሻፍቱና በዋናዎቹ ብሮንዚናዎች መካከል ፋብሪካው የተወው ክፍተት ከ0.04 እስከ 0.10 ሚሊሜትር፣ በቢዬላዎቹ ላይ ደግሞ ከ0.02 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ይህ ማለት ክራንክ ሻፍቱ የሚንሳፈፈው ከአንዲት የሰው ፀጉር ብዙም በማይወፍር የዘይት ስስ ሽፋን ላይ ነው። ዐይን በጭንቅ የሚያየው የብረት ፍቅፋቂ ወይም የመፍጫ ድንጋይ ብናኝ በዚህ ሽፋን ውስጥ ሲገባ ለስላሳውን ብሮንዚና ይቧጭራል፣ ወይም በብሮንዚናው ላይ ተሰክቶ ክራንክ ሻፍቱን እንደ ሞረድ ያርሰዋል። ቮልስ ከፋብሪካው ሲወጣ የወረቀት ፊልትሮ አልነበረውም፤ ያለው ጠጠርን እንጂ ብናኝን የማያስቀር የሽቦ ወንፊት ብቻ በመሆኑ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎሜትሩ እንዲቀየር ይታዘዝ ነበር። ይህ ትእዛዝ ባልተከበረበት ሞተር ውስጥ ደግሞ የረጠበ ጭቃ የሚመስል ዝቃጭ ይፈጠራል።

ዝቃጩ የሚቀመጠው ዘይት በኃይል በሚያልፍበት መሐል መንገድ አይደለም፤ እንደ ወንዝ ደለል ሁሉ ፍሰቱ በሚቆምበት ጥግ ነው፤ ጥጉም ቦዩ ከመጨረሻው ቅርንጫፍ አልፎ እስከ መድፈኛው ድረስ ያለው ሙት ጫፍ ነው። የክራንክ ኬዙን ሁለት ግማሾች ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ በብሩሽ መፈግፈግ፣ ከዚያም በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ከላይ የሚታየውን ሁሉ ያጸዳል፣ አየሩም በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ቦዩ ንጹሕ የሆነ ያስመስላል፤ ነገር ግን አየርም ፈሳሽም የሚመርጡት ክፍቱን መንገድ ስለሆነ በሙት ጫፉ የደረቀውን ዝቃጭ ከነበረበት አያነቃንቁትም። ነገሩን የሚያከፋው ክራንክ ኬዙ ቶርኖ ቤት ገብቶ የብሮንዚናዎቹ መቀመጫ በመስመር ሲሰፋ ወይም ለትልልቅ ሲሊንደሮች አፉ ሲላግ ነው፤ በዚያ ጊዜ ጥርት ያለ፣ ሹል የብረት ፍቅፋቂ በየቀዳዳው ይገባና ከቀድሞው ዝቃጭ ጋር ይጣበቃል። አዲሱ ሞተር ተነሥቶ ትኩስና ቀጭን ዘይት ያንን ዝቃጭ ማሟሟት ሲጀምር ፍቅፋቂው ተላቅቆ ወደ አዲሶቹ ብሮንዚናዎች ይጓዛል። ከታደሰ በጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ውስጥ ግፊቱ የወረደ ሞተር ባለቤት ብዙውን ጊዜ የሚወቅሰው የዕቃውን ጥራት ሲሆን፣ ጥፋቱ ያልተነሣው መድፈኛ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ ያሳዝናል።

ይህ የቮልስ ብቻ ችግር አይደለም። ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ በታክሲነት ያገለገለው ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወለደ ሲሆን፣ በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ ያሉት የዘይት ቀዳዳዎች በተመሳሳይ መንገድ ተጭነው በገቡ መድፈኛዎች የተዘጉ ናቸው። የፋብሪካው የጥገና መመሪያ ክራንክ ሻፍቱ ከተላገ በኋላ አሮጌዎቹ መድፈኛዎች እንዲወጡ፣ መቀመጫቸው በልዩ መሣሪያ እንዲጸዳ፣ ቦዮቹ ታጥበው በአየር እንዲነፉ፣ አዲሶቹም ተጭነው ከገቡ በኋላ ጠርዛቸው በሦስት ነጥብ በሹል ብረት ተመትቶ እንዲጠብቅ ያዛል። ክራንክ ሻፍት በሚሽከረከርበት ጊዜ ክብደት ያለው ቆሻሻ ወደ ውጭ እየተወረወረ በእነዚሁ ጥጎች ስለሚታጨቅ ትእዛዙ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ የሠሩት መሐንዲሶች ራሳቸው የሰጡት ምስክርነት ነው።

መድፈኛውን ለመለወጥ ሁለተኛው ምክንያት እርጅናው ነው። 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መድፈኛ 5 ባር ግፊት ሲያርፍበት የሚገፋው ኃይል አራት ኪሎግራም ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ይህ ኃይል ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ይመጣል፣ በቆመ ቁጥር ይሄዳል፤ ማግኒዥየም ደግሞ ሙቀትና ጭነት አብረው ለረጅም ጊዜ ሲያርፉበት ቀስ በቀስ የመለጠጥ ጠባይ ስላለው፣ መድፈኛውን ጨምቆ የያዘው ግድግዳ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ይላላል። መድፈኛው ጨርሶ ከወጣ ሞተሩ ዘይቱን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያፈስሳል፤ ይበልጥ የሚያታልለው ግን ጥቂት በጥቂት ሲያንጠባጥብ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ካለው ከባድ ክብ ብረት፣ ከቮላኖው ጀርባ፣ እንዲህ ያለ መድፈኛ ስላለ፣ ከዚያ የወጣ ዘይት ወደ ታች ወርዶ በካምቢዮው መገጣጠሚያ በኩል ሲንጠባጠብ የክራንክ ሻፍቱ የጎማ ማገጃ እንደተበላሸ ያስመስላል። ሞተር ወርዶ ማገጃው ይቀየራል፣ ተመልሶ ይገጠማል፣ ዘይቱ ግን መንጠባጠቡን አይተውም፤ ፍሪሲዮኑም ዘይት ጠጥቶ መንሸራተት ይጀምራል። ቮላኖው በወረደ ጊዜ ሁሉ ያንን ስፍራ በጨርቅ ጠርጎ ማየት የሁለተኛ ጊዜ ድካምን ያስቀራል።

አነሣሡ ኃይልን ሳይሆን ትዕግሥትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከሁሉ በፊት ቦዮቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚገናኙ በቀጭን ሽቦ ተለክቶ ይመዘገባል፤ ከዚያም የመድፈኛው መካከል በሹል ብረት ምልክት ይደረግበትና መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ፣ ቀጥሎ ወፈር ባለ ፑንታ ይበሳል። አሉሚኒየሙ ለስላሳ ስለሆነ ፑንታው መድፈኛውን እንደጨረሰ በድንገት ወደ ቦዩ ይሰምጣል፤ ትራፓኖው ያልተገታ እንደሆነም ከጀርባ ያለውን ግድግዳ ይነካል፣ በዚህም ምክንያት ጥንቁቅ ሠራተኛ በፑንታው ላይ የጥልቀቱን ልክ በቀለም ወይም በፕላስተር አስቀድሞ ያሳያል። በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ወጥቶ ቡሎን ይገባበትና ቡሎኑ ሲሳብ መድፈኛው አብሮ ይወጣል፤ ካልወጣ ቀሪው ቀለበት በስሱ ተፍቆ ይነሣል። ከማግኒዥየም የሚላጠው ደቃቅ ፍቅፋቂ በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ከተቀጣጠለም ውሃ የሚያባብሰው መሆኑን መርሳት አይገባም፤ በውሃ ፈንታ ደረቅ አሸዋ በአጠገብ መኖር አለበት፣ ፍቅፋቂውም ክምር ሳይሆን መጠረግ ይኖርበታል።

መድፈኛው ሲወጣ የሚታየው ነገር ክርክሩን ሁሉ ይዘጋል። ከአሉሚኒየሙ ጀርባ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ በጣት ሲሻሽ የሚቆረቁር ዝቃጭ ተለጥፎ ይገኛል፤ ወደ መብራት ሲያዘነብሉት በጥቁሩ መካከል የሚያብለጨልጩ የብረት ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ እነርሱም ከቀድሞዎቹ ብሮንዚናዎችና ከቀድሞዎቹ ጥገናዎች የቀሩ ናቸው። አሁን ቦዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ስለሆነ ጠመንጃ እንደሚጸዳበት ባለ ረጅም ዘንግ ብሩሽ በነጭ ጋዝ እየነከሩ ደጋግሞ ማመላለስ፣ ከዚያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በአየር ማድረቅና በአንድ ጫፍ መብራት አድርጎ በሌላው ጫፍ መመልከት ይቻላል። ነጭ ጨርቅ በቦዩ ውስጥ አልፎ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ሥራው አላለቀም። ለብረት ሞተሮች የሚያገለግለው የፈላ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን የሚበላ፣ አሲድ ደግሞ ማግኒዥየምን የሚያበላሽ በመሆኑ ለሌላ ሞተር የተለመደውን ማጠቢያ ሳይጠይቁ በቮልስ ላይ መጠቀም ጉዳት ያመጣል።

ቦዩን መልሶ ለመዝጋት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ ፋብሪካው አዲስ የአሉሚኒየም መድፈኛ ተጭኖ እንዲገባ ማድረግና ጠርዙን በሹል ብረት መትቶ ማጥበቅ ሲሆን፣ መኪናው እንደተሠራ እንዲቆይ ለሚፈልግ የቅርስ ጠባቂ ይህ የሚከበር ምርጫ ነው። ሁለተኛውና ለሚነዳ መኪና ብልጫ ያለው የሚመስለው ግን በቀዳዳው ላይ ጥርስ አውጥቶ በቁልፍ የሚጠብቅ መድፈኛ ማስገባት ነው፤ ይህ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ሞተሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ያለ ፑንታና ያለ ፍቅፋቂ ቦዩን እንዲያጥብ ያስችለዋል። ለዚህ የሚውለው በአብዛኛው የአሜሪካው ሾጣጣ የቧንቧ ጥርስ ሲሆን፣ በየ16 ሚሊሜትሩ ርዝመት ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር እየጠበበ ስለሚሄድ ሲጠብቅ እንደ ሽብልቅ ይዘጋል። በዚህ ሥርዓት ስምና ልክ እንደማይገናኙ ማወቅ ያስፈልጋል፤ «የኢንች አንድ ስምንተኛ» የሚባለው ጥርስ የተሰየመው በቧንቧው ሆድ ስለሆነ በውጭ በኩል 10 ሚሊሜትር ከፍ ያለ ስፋት አለው፣ ለእርሱም የሚበሳው ቀዳዳ 8.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የእንግሊዙ ሾጣጣ ጥርስ ቅርጹ ተመሳሳይ መስሎ ሳለ በኢንች 28 ጥርስ ሲኖረው የአሜሪካው ግን 27 ነው፤ አንዱን በሌላው ላይ ማስገደድ መጀመሪያ የተያያዘ መስሎ በስተመጨረሻ ለስላሳውን ማግኒዥየም ገፍፎ ይወጣል።

የመድፈኛው ብረት ምርጫም ሒሳብ አለው። ማግኒዥየም በሙቀት ብዙ ከሚያብጡት ብረቶች አንዱ በመሆኑ 10 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ጭማሪ 0.021 ሚሊሜትር ያህል ሲሰፋ፣ በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም መድፈኛ 0.018 ስለሚያብጥ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ የብረት መድፈኛ ግን ከ0.010 ሚሊሜትር ስለማያልፍ ሞተሩ በሞቀ ቁጥር በግድግዳው ላይ ያለው ጭምቀት ይቀንሳል። ብረት ከማግኒዥየም ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ማግኒዥየሙን የሚያበሰብስ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ስለዚህ የአሉሚኒየም መድፈኛ፣ በዘይት የማይሟሟ የጥርስ ማሸጊያ በስሱ ተቀብቶ፣ ያውም ማሸጊያው ወደ ቦዩ ዘልቆ አዲስ ቆሻሻ እንዳይሆን ከመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ወደ ኋላ ተትቶ ይገባል። ሾጣጣው ጥርስ ሽብልቅ ስለሆነ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ቀጭኑን የማግኒዥየም ጠርዝ ይሰነጥቃል፤ ጥርሱ ጠልቆ የወጣበት ከሆነም መድፈኛው ወደ ውስጥ ገፍቶ የጎን ቅርንጫፉን አፍ ይዘጋና በዚያ በኩል ያለውን ብሮንዚና ያለ ዘይት ያስቀራል። ጥርስ ሲወጣ በየጥቂት ዙሩ ማቆም፣ መድፈኛውን ሞክሮ መልሶ ማውጣት፣ በሽቦ ቅርንጫፉ ክፍት መሆኑን መዳሰስ የግድ ነው። ከቮላኖው ጀርባ ያለው ደግሞ ከግድግዳው ወጣ እንዳይል ገብቶ መቀመጥ አለበት፣ አለዚያ የሚሽከረከረው ብረት ይመታዋል።

ብዙ አዳሾች ዋናው ቦይ በተከፈተበት በዚሁ አጋጣሚ ፋብሪካው ያልሰጠውን ፊልትሮ ይጨምራሉ። ፓምፑ የሚያወጣው ዘይት ወደ ክራንክ ኬዙ የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈንና ዘይቱ በፓምፑ ክዳን በኩል ወጥቶ በቱቦ ወደ ፊልትሮ ይሄዳል፣ ከዚያም መድፈኛው በነበረበት አፍ በኩል ወደ ዋናው ቦይ ይመለሳል። ቱቦውና መገጣጠሚያው ጥራት ከሌለው ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሞተሩን ዘይት አልባ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ርካሽ ቱቦ ገጥሞ ከመሄድ በወቅቱ ዘይት እየቀየሩ እንደ ቀድሞው መንዳት ይሻላል።

ክራንክ ኬዙ ተገጥሞ ሲያበቃ ሞተሩ ወዲያውኑ አይቀሰቀስም። ሻማዎቹ ወጥተው ሞተሩ ያለ ጭነት በሞተሪኖ ይዞራል፤ ፓምፑ ባዶ የነበሩትን ቦዮች አንድ በአንድ እየሞላ ሲሄድ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት መብራት እንደበራ ይቆያል፣ ግፊቱ ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ባለው ክልል ውስጥ ሲደርስ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሻማ ይገባል፣ ሞተሩ ይነሣል፤ ዘይቱ 70 ዲግሪ ሲደርስና ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር የዘይት ግፊት መለኪያው ጌጅ ቢያንስ 2 ባር ማሳየት ይጠበቅበታል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ በእጅ ባትሪ እያንዳንዱ መድፈኛ ይታያል፣ ዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም በዚያው ጨርቅ ተመልሶ ይዳሰሳል፤ የመጀመሪያው ዘይትም ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ወጥቶ በነጭ ሳህን ላይ ለፀሐይ ይገለበጣል።